የአካባቢና የትርጉም ክበብ የዓመቱ ዘገባ፦ የትኛው ኖራ?

የዘንድሮው ሥራችን ስለ አካባቢ ብክለት በእንግሊዝኛ የተጻፉ አጫጭር ጽሑፎችን ለታችኛው ክፍል ተማሪዎች ወደ አማርኛ መመለስ ነበር። ስለ አሲድ ዝናብ፣ ስለ መጠጥ ውሃ ብክለትና ስለ አየር ንብረት ለውጥ የተዘጋጁት በቤተ መጻሕፍታችን ለንባብ ቀርበዋል። ስለ እያንዳንዳቸው ብዙ ማለት ይቻላል። እኔ ግን ክበቡን ዓመቱን ሙሉ ያከራከረውን አንድ ጉዳይ ላንሣ፦ አንድ የኬሚካል ስም ከአንድ በላይ ነገር ሲጠራበት ተርጓሚ ምን ያድርግ?

ጥያቄው የተነሣው በአሲድ ዝናብ ጽሑፍ ላይ ነው። አሲድ በዝቶበት ዓሣው እያለቀ ያለውን ሐይቅ ለማከም «ኖራ ይነሰነስበታል» የሚል ዐረፍተ ነገር ተተርጉሞ ቀረበ። እንግሊዝኛው ከዚህ የተለየ አይልም፤ አማርኛውም ጆሮ አይጎረብጥም። ሁሉም ተስማምቶ ሊያልፍ ሲል አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ «ኖራ እጅ ያቃጥላል ይባላል፤ የተረፈውን ዓሣ አይጨርሰውም?» ብላ ጠየቀች።

ትክክል ናት፤ የሚያቃጥል ኖራ አለ። የኖራ ድንጋይ ካልሲየም ካርቦኔት ነው፤ ተፈጭቶ በእጅ ቢነካ አያቃጥልም። በ900 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ገደማ ሲቃጠል ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ይወጣና ካልሲየም ኦክሳይድ ይቀራል። እሱ ውሃ ሲነካው ኃይለኛ ሙቀት እየሰጠ ወደ ካልሲየም ሃይድሮክሳይድ ይለወጣል። እነዚህ ሁለቱ ቆዳንም ዓይንንም ይጎዳሉ። እኛ ሦስቱንም «ኖራ» እንላቸዋለን፤ እንግሊዝኛም እንዲሁ በአንድ ስም ይጠራቸዋል። እንግዳ ቃል ሲገጥመው ተማሪ መዝገበ ቃላት ይገልጣል። በሁለቱም ቋንቋ እኩል አሻሚ የሆነውን ቃል ግን ማንም አይጠረጥረውም፤ ስለዚህ ለተርጓሚ አደገኛው እንዲህ ያለው ነው ብዬ አምናለሁ።

መልሱን ያገኘነው ከራሱ ከጽሑፉ ነው። ዱቄቱ ከድንጋይ እንደሚፈጭ፣ ከጀልባና ከሄሊኮፕተር እንደሚበተን፣ ቀስ ብሎ እንደሚሟሟ ይናገራል። ይህ የተፈጨ የኖራ ድንጋይ ነው። ስዊድን በአሲድ ዝናብ የተጎዱ በሺዎች የሚቆጠሩ ሐይቆቿን ለአሥርተ ዓመታት ያከመችውም በአብዛኛው በዚሁ ነው።

ቀጥሎ ስለ አሲዳማ አፈር የሚያወራው ጽሑፍ ሲመጣ ነገሩ ወደ መጠን ተሸጋገረ። ንጹሕ ከሆኑ 100 ኪሎ ግራም ካልሲየም ካርቦኔት የሚያስወግደውን አሲድ 74 ኪሎ ግራም ካልሲየም ሃይድሮክሳይድ ወይም 56 ኪሎ ግራም ካልሲየም ኦክሳይድ ያስወግደዋል። በካርቦኔት የተሰላውን መጠን አንባቢው በተቃጠለ ኖራ ቢተካው ከሚያስፈልገው ወደ ሁለት እጥፍ የሚጠጋ ያፈሳል ማለት ነው። ስለዚህ «የተፈጨ የኖራ ድንጋይ»፣ «የተቃጠለ ኖራ» እና «በውሃ የበረደ ኖራ» ብለን ለየናቸው። ለልጆች ይረዝማል ብለው የተቃወሙ ነበሩ። ቃሉ መጀመሪያ ሲጠራ ከነኬሚካል ስሙ በሙሉ ይጻፍ፣ ጽሑፉ ስለ አንዱ ዓይነት ብቻ ከሆነ ከዚያ በኋላ «ኖራ» ይበቃል በሚለው ተስማማን። እኔም ይህን ደግፌያለሁ፤ ማሳጠር የሚገባው ግልጽ ከተደረገ በኋላ ነው።

በሁለተኛው መንፈቅ ያጋጠመን ናይትሮጅንና ኦክስጅን የያዘው ናይትሬት ነው። አንዱ ጽሑፍ የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው የናይትሬት ጣሪያ በሊትር 50 ሚሊ ግራም ነው ሲል፣ ሌላው የአሜሪካ ወሰን 10 ሚሊ ግራም ነው ይላል። ተርጓሚዎቹ ልዩነቱ አምስት እጥፍ መሆኑ አላሳመናቸውም። የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪዎች ሰሌዳው ላይ ወጥተው ሠሩት፦ የናይትሬት ክብደት 62፣ በውስጡ ያለው ናይትሮጅን 14። የአሜሪካው ቁጥር የሚለካው ናይትሮጅኑን ብቻ ነው፤ ወደ ሙሉው ናይትሬት ሲመለስ 44 ገደማ ይሆናል። ሁለቱ ወሰኖች ጎረቤት ናቸው! ነገሩ ቀላል አይደለም፤ ብዙ ናይትሬት ያለበት ውሃ የጨቅላ ሕፃናት ደም ኦክስጅን እንዳያደርስ ያደርጋል። ከዚያ ወዲህ ቁጥር ያለበትን ዐረፍተ ነገር ሁሉ «በምን የተለካ?» ብለን ሳንጠይቅ አላሳለፍንም። «ካርቦን» የሚለውም በዚሁ ጥያቄ ተፈተሸ፤ 12 ቶን ካርቦን ሲቃጠል 44 ቶን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣልና።

ባዜቃ (ሜርኩሪ) ብዙ ቀን ወሰደብን። በሙቀት መለኪያ ውስጥ የምናየው ፈሳሽ ብረትና በዓሣ ሥጋ ውስጥ የሚከማቸው ሜቲል ሜርኩሪ የተባለው ውሕዱ አንድ አይደሉም። እ.ኤ.አ. በ1956 በጃፓን ሚናማታ የታወቀው በሽታ የመጣው ከፋብሪካ ወደ ባሕር በተለቀቀው ሜቲል ሜርኩሪ ነው፤ ሰዎቹ የተመረዙት ዓሣና ዛጎል ለበስ እንስሳት በልተው ነው። ስለዚህ የዓሣውን ጽሑፍ ስንተረጉም «ባዜቃ» ብቻ ብለን አልተውነውም።

ለመጪው ዓመት የተቀመጠው ስለ ውሃ ማከም የሚናገር ጽሑፍ ነው። ዋናው ቃሉ «ክሎሪን» ሲሆን፣ አንዳንዴ መርዛማውን ጋዝ፣ አንዳንዴ በውሃ ላይ የሚጨመረውን ሃይፖክሎራይት ይጠሩበታል። በገበታ ጨው ውስጥ ያለው ክሎራይድም አብሮ ሲደባለቅ አይተናል። ለዚህ ኬሚስትሪ የሚወዱ ብቻ አይበቁንም፤ አማርኛ የሚወዱ፣ እንደዚያች የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ያልገባቸውን ሳያፍሩ የሚጠይቁም ያስፈልጉናል። መመዝገብ የምትፈልጉ በመጀመሪያው ሳምንት ቤተ ሙከራው ውስጥ ታገኙኛላችሁ።