ለደንበኞቻችን፦ ፖሊሽ ከመግዛታችሁ በፊት የመኪናችሁን ቀለም እንፈትሽ

ለተከበራችሁ ደንበኞቻችን፣

እንደምን ከረማችሁ? ክረምቱ ወጥቶ መንገዱ ደርቋል። ለግሸን ንግሥ ደርሳችሁ የተመለሳችሁም፣ በኩታበርና በወገልጤና መንገድ የምትመላለሱም አቧራችሁን እንደለበሳችሁ ደጃችን ላይ ተሰልፋችኋል። እጥበቱ ሲያልቅ ብዙዎቻችሁ ያንኑ ትጠይቁናላችሁ፤ «ለኔ መኪና የትኛው ፖሊሽ ይሻላል?» እኛም ከመደርደሪያው አንዱን አንስተን «ይሄ ጥሩ ነው» ስንል ኖረናል። እንዲህ መመለሳችን ልክ አልነበረም። ለአንዱ መኪና መድኃኒት የሆነው ፖሊሽ ሌላውን ይጎዳል፤ ልዩነቱም ያለው ቀለሙ ከላዩ ክሊር የሚባለው ቀለም አልባ ሽፋን አለው ወይስ የለውም የሚለው ላይ ነው።

ይህን እንድንጽፍ ያደረጉን ባንድ ሰሞን የገጠሙን ሁለት ሥራዎች ናቸው።

የመጀመሪያው የአንድ አባት ቀይ ዲኤክስ ኮሮላ ነው። ኮፈኑና ጣራው ፀሐይ ላይ ከርሞ እንደነጣ በርበሬ ሆነው ነበር፤ በእጅ ሲዳሰሱ ዱቄት ይተዋሉ። ልጃችን በነጭ ጨርቅ ፖሊሽ ነክሮ የኮፈኑን ግራ ጎን ማሸት ጀመረ። ሦስት አራት ጊዜ እንዳዞረው ጨርቁ ደም የተነከረ መሰለ። አባባ ከተቀመጡበት ብድግ ብለው «ልጄ፣ ቀለሜን እየላጥከው እኮ ነው!» አሉ። «አብሽር አባባ፣ ምንም አይሆንም» ቢላቸውም አላመኑትም፤ ደግሞስ በምን ይመኑት? ማንም አስቀድሞ አልነገራቸውም። ሥራውን አስቁመው፣ ግማሹ ኮፈን ደማቅ ቀይ ግማሹ እንደነጣ፣ መኪናቸውን ይዘው ሄዱ። በሳምንቱ ተመለሱ። ሰፈርተኛው ሁሉ «ግራ ጎኑን የት አስቀባኸው?» እያለ ሲጠይቃቸው ሰንብቷል።

ሁለተኛው ብርማ ሚኒባስ ነው። የጣራው ላይ ሽፋን እንደ ሽንኩርት ልጣጭ እየተነሳ፣ ዳር ዳሩ ነጭ ካርታ ሠርቶ ነበር። ባለቤቱ ወጣት ነው፤ ለሥራ ቸኩሏል። «በፖሊሽ ይመለሳል?» ሲለን «እንሞክረዋለን» አልነው። ግማሽ ቀን አሸነው። ጨርቁ ላይ ምንም ቀለም አልወጣም፤ የተላጠው ቦታ ግን እየሰፋ ሄደ። ገንዘቡን መለስንለት፤ የሥራ ቀኑን ግን ልንመልስለት አልቻልንም። ስለዚህም ይቅርታ ጠይቀነዋል።

አባባን ያስደነገጠው ቀይ ጨርቅ ሥራው በጎ መሄዱን ይናገር ነበር። የሚኒባሱ ንጹሕ ጨርቅ ደግሞ የምናሸው ክሊሩን እንደሆነ እየነገረን አልሰማነውም፤ የተላጠ ክሊር ላይ ደግሞ ፖሊሽ የሚሠራው የለም። ምክንያቱን እናስረዳችሁ።

ዛሬ ከፋብሪካ የሚወጣ መኪና ቀለሙ በአብዛኛው አራት ድርብ ነው። ከብረቱ ላይ መጀመሪያ የሚያርፈው በኤሌክትሪክ ኃይል የሚጣበቀው ፀረ ዝገት ነው፤ የመኪናው አካል በሙሉ ገንዳ ውስጥ ተነክሮ ይወጣል። ቀጥሎ ሻካራውን የሚያስተካክለው ፕራይመር፣ ከዚያ መልኩን የሚሰጠው ቀለም፣ በመጨረሻም ቀለም አልባው ክሊር ይመጣል። ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ፎቶ አስቡ፤ ቀለሙ ፎቶው ነው፣ ክሊሩ መስታወቱ ነው። የምታዩት አብረቅራቂነት የመስታወቱ ነው፤ ፀሐይን የሚመክተውም እሱ ነው፤ ሲጫርም መጀመሪያ የሚጫረው እሱ ነው።

ውፍረቱን ስንነግራችሁ ብዙዎቻችሁ ትገረማላችሁ። አራቱ ድርብ ተደምረው ከ100 እስከ 150 ማይክሮን አካባቢ ናቸው፤ አንድ ማይክሮን የሚሊሜትር አንድ ሺህኛ ነው። አንድ ቅጠል የፎቶ ኮፒ ወረቀት 100 ማይክሮን ያህል ይወፍራል። ክሊሩ ብቻውን ከ35 እስከ 50 ማይክሮን ስለሆነ የዚያ ወረቀት ግማሽ ቢሆን ነው። ፖሊሽ በተደረገ ቁጥር ከዚህች ግማሽ ወረቀት ላይ ትንሽ ይነሳል፤ የተነሳው አይመለስም። ፀሐይን የሚከላከለው ንጥረ ነገር ያለው ክሊሩ ውስጥ ነውና ክሊሩ ሲሳሳ መከላከያውም አብሮ ይሳሳል። የበርና የኮፈን ጠርዝ ላይ ደግሞ ቀለም ሲረጭ ስለሚሸሽ ከሌላው ቦታ ይበልጥ ስስ ነው። የፖሊሽ ማሽን ከመነሳቱ በፊት ጠርዙን በወረቀት ፕላስተር የምንሸፍነው ለዚህ ነው።

ታዲያ የትኛው መኪና ክሊር አለው? ብርማውም ሆነ ሌላው ሜታሊክ፣ እንዲሁም እንደ ዕንቁ የሚያበራው ቀለም ዘመናዊ መኪና ላይ ከሆነ ክሊር አለው በሉ። ውስጡ የአሉሚኒየም ወይም የማይካ ብናኝ አለ፤ ያለ ክሊር ለአየርና ለፀሐይ ቢጋለጥ ቶሎ ይበላሻል። ጥያቄ የሚያስነሳው ብናኝ የሌለበት ድፍን ቀለም ነው፤ ነጭ፣ ቀይ፣ ጥቁር። ክሊር በፋብሪካዎች እየተስፋፋ የመጣው ከ1970ዎቹ መጨረሻ ወዲህ (በፈረንጆች አቆጣጠር) ስለሆነ፣ እንደ አባባ ኮሮላ ያሉ የቆዩ መኪናዎች ድፍን ቀለማቸው ብዙ ጊዜ ያለ ክሊር የተቀባ ነው። አዲስ ስለሆነ ብቻም አትርግጡ። ቶዮታ 040 በሚል ቁጥር የሚታወቀውን ድፍን ነጭ ብዙ መኪናው ላይ ያለ ክሊር ሲቀባ ኖሯል፤ በከተማችን የምታዩአቸው ነጭ ፒካፖችና ላንድክሩዘሮች ውስጥ ይህ ቁጥር ሞልቷል። ቁጥሩን ለማወቅ ሞተሩ ክፍል ውስጥ ወይም በሾፌሩ በር ምሰሶ ላይ ያለችውን ትንሽ ሰሌዳ እዩ፤ ሲ/ቲአር (C/TR) ከሚሉት ፊደላት ቀጥሎ ተጽፏል። 070 ከሆነ ያው ነጭ ቢመስልም ዕንቁ ነጭ ነው፤ ክሊር አለው።

ይህ ሁሉ ግን የፋብሪካ ቀለሙ ላልተነካ መኪና ነው። እኛ ጋ የሚመጣው መኪና ስንቱ ባትላሜራ ቤት ገብቶ ወጥቷል! አንዱ በር ተቀጥቅጦ፣ ጎድጓዳው በስቱኮ ተሞልቶ፣ በዱኮ ቀለም ተቀብቶ ይሆናል። ፋብሪካ ውስጥ ክሊር የሚደርቀው በ140 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ምድጃ ውስጥ ነው። ጋራዥ ውስጥ የተቀባ ግን ቢበዛ 60 ዲግሪ ያገኛል፤ ብዙውም በአየር ብቻ ይደርቃል፤ ስለዚህ ብዙ ጊዜ ለስለስ ይላል። ግራ በሩ ክሊር ያለው፣ ቀኝ በሩ የሌለው መኪና ደጋግመን አይተናል። እንግዲህ «መኪናዬ ክሊር አለው ወይ?» ከማለት «ይህ በር ክሊር አለው ወይ?» ማለት ይበጃል። ስቱኮ መኖሩን ለማወቅ ማግኔት በስስ ጨርቅ ጠቅልላችሁ አስጠጉ፤ ብረቱ ላይ ጥብቅ ብሎ የነበረው ስቱኮው ጋ ሲደርስ ይላላል። ፓራውልት ላይ አትሞክሩት፤ ፕላስቲክ ነው።

ዋናው ፈተና ያው ጨርቁ ነው፤ ቤታችሁም ልትሠሩት ትችላላችሁ። ከዓይን ራቅ ያለ ቦታ ምረጡ፤ የበር ታችኛው ክፍል ይሆናል። አጥባችሁ አድርቁት። በንጹሕ ነጭ ጨርቅ የምስር ፍሬ የምታክል ለስላሳ ፖሊሽ ወስዳችሁ የመዳፍ ግማሽ የሚሆን ቦታ እሹ። የመኪናው ቀለም ጨርቁ ላይ ከወጣ ክሊር የለውም። ጨርቁ ላይ ያለው የፖሊሹ የራሱ መልክና እድፍ ብቻ ከሆነ ክሊር አለው። ነጭ መኪና በነጭ ጨርቅ አይፈተንምና ለእሱ ጥቁር ጨርቅ ተጠቀሙ፤ ፖሊሹም ነጭ ያልሆነ ቢሆን ይመረጣል፤ አለዚያ የፖሊሹን ነጭ ከቀለሙ ነጭ መለየት ይቸግራል።

ክሊር የሌለው ከሆነ እሰየው፤ በፖሊሽ ሕይወት የሚዘራው እንዲህ ያለው ነው። ላዩ ላይ ያለው የሞተ ዱቄት ሲነሳ ከሥሩ ሕያው ቀለም ይወጣል፤ የአባባ መኪና የሆነው ይኸው ነው። ብቻ በየወሩ አይደረግ፤ ጨርቁ ላይ የሚወጣው እውነተኛ ቀለማችሁ ነው፤ አንድ ቀን ጠርዙ ላይ ፕራይመሩ ብቅ ይላል። አንዴ ከተመለሰ በኋላ በሰም ያዙት።

ክሊር ያለው ከሆነ ከለስላሳው ጀምሩ። ሱቅ ውስጥ ሦስት ዓይነት ዕቃ ባንድ መደርደሪያ ላይ «ፖሊሽ» ተብሎ ይሸጣል። ራቢንግ ኮምፓውንድ የሚባለው ሻካራ ነው፤ ይቆርጣል። ፖሊሽ የተባለው ደቃቅ ነው፤ ያለሰልሳል። ዋክስ ወይም ሰም ከሆነ ምንም አይቆርጥም፤ ይሸፍናል ብቻ፤ ክሊነር ዋክስ የሚል ከሆነ ግን ትንሽ ይፍቃል። ጣሳው ላይ «ለክሊር ኮት ይሆናል» የሚል ከሌለበት በማሽን ለማሸት አትጠቀሙበት። በጣቶቻችሁ መካከል አሹት፤ አሸዋ አሸዋ ካላችሁ ክሊር ላይ አታሳርፉት። አዲስ መኪና ገዝታችሁ «ኮምፓውንድ አድርጉልኝ» የምትሉን አላችሁ፤ አናደርግም፤ ሰም ይበቃዋል። የጥርስ ሳሙናና የብረት ማንጺያ ደግሞ ቀለም ላይ ቦታ የላቸውም።

ጭረት ላይ ውሃ አፍስሱበት። ውሃው ሲነካው ከጠፋ ጭረቱ ክሊሩ ውስጥ ነውና በፖሊሽ ተስፋ አለው። በጥፍራችሁ ስትሄዱበት ጥፍር የሚይዝ ከሆነ ግን ለፖሊሽ ጥልቅ ነው፤ ክሊሩን ከማሳሳት ተዉት። እንደ ሚኒባሱ የተላጠ ክሊርም በምንም ፖሊሽ አይመለስም፤ ተፍቆ እንደገና መቀባት ነው። ይህን ስንነግራችሁ ሥራ ለማብዛት አይደለም፤ ቅብ እኛ አንሠራም።

አገራችንን የሚመለከት አንድ ነገር እንጨምር። ደሴ ከባሕር ወለል 2,500 ሜትር ግድም ላይ ናት፤ ኮምቦልቻ 1,850 አካባቢ። ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር ቀለም የሚያነጣው ጨረር በመቶ 10 ያህል ይጨምራል። ደሴ ብርድ ናትና ፀሐይዋ አትጎዳም የሚል ሰው ተሳስቷል፤ ጦሳ ሥር ጭጋግ ውስጥ አድሮ በቀትር የሚበራው ፀሐይ ጣራና ኮፈንን አይምርም። ሐረጎን ወርዶ ኮምቦልቻና ባቲ የሚውል መኪና ደግሞ ሙቀቱና አቧራው ይጨመርበታል። ስለዚህ ለወሎ መኪና ከፖሊሽ ይልቅ ሰም ይበልጥበታል ብለን እናምናለን። ፖሊሽ በዓመት አንዴ ቢደረግ ይበቃል፤ ሰም ግን በየሁለት ወሩ ቢደገም ደስ ይለናል።

ስለ ሰም ካነሳን፣ አንድ የሐይቅ ከተማ ደንበኛችን ከቀፎ የወጣ ንጹሕ ሰም በፌስታል ይዘውልን መጥተው ነበር። ደግነታቸውን አንረሳም፤ ሰሙም ወርቅ የመሰለ ነበር። ለመኪና ግን ብቻውን አይሆንም። የንብ ሰም በ63 ዲግሪ አካባቢ ይቀልጣል፤ ጥቁር ኮፈን በባቲ ቀትር ከዚያ ሊያልፍ ይችላል። ለስላሳ ስለሆነም አቧራ ይይዛል። የመኪና ሰም ብዙ ጊዜ የሚሠራው ካርናውባ ከሚባል የብራዚል ዘንባባ ቅጠል ነው፤ እሱ እስከ 80 ዲግሪ ገደማ ይችላል። በነጭ ጋዝ ወይም በናፍጣ መወልወልም ለዚያች ሰዓት ያበራል፤ ሰሙን አጥቦ ይወስዳል፣ የሚቀጥለውንም አቧራ ይለጥፋል። ከሁሉ የከፋው ግን በደረቅ ጨርቅ አቧራ መጥረግ ነው። ፀሐይ ሲያርፍበት የሸረሪት ድር የሚመስለው ጭረት የሚመጣው ከዚያ ነው። ልጆች መንገድ ላይ «ልጥረግልህ» ሲሉ ገንዘቡን ስጡአቸውና ጨርቁን አስቀሩት።

ከእንግዲህ እኛ ጋ የሚሆነው እንዲህ ነው። ማንኛውም መኪና ፖሊሽ ከመደረጉ በፊት እናንተ ባላችሁበት፣ በየበሩና በየኮፈኑ፣ በጨርቅ ይፈተናል፤ ለዚህ አናስከፍላችሁም። ጨርቁን በእጃችሁ ይዛችሁ ታያላችሁ። ክሊሩ የተላጠ ከሆነ ሥራውን አንቀበልም። መኪናችሁ ተቀብቶ ከሆነ የት የቱ እንደተቀባ አትደብቁን፤ ለዋጋ አንጠይቅም፤ እጃችን የት እንዲለሰልስ ለማወቅ ነው። ብረቱ ሳይሞቅ መሥራት ስላለብን ፖሊሽ የምትፈልጉ ጠዋት ከ1 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት ድረስ አምጡልን፤ ከቀትር በኋላ የሚመጣ መኪና ታጥቦ ጥላ ሥር ያድራል፤ ፖሊሹ በማግሥቱ ይደረጋል።

ከአክብሮት ጋር፣
የመኪና እጥበትና ፖሊሽ ቤታችሁ
ደሴ