አባዬ፣ ዕድል ነው አትበለኝ

አባዬ፣

እንደምን ሰነበትክ? ጉልበትህስ ተሻለህ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን።

ይህን ደብዳቤ ወንድሜ ድምፁን ከፍ አድርጎ እንደሚያነብልህ አውቃለሁ። ለዚህም ብዬ አንዳንዱን ነገር ልተወው አስቤ ነበር። ኋላ ግን ሐሳቤን ቀየርኩ። እሱም ቢሰማው ጥሩ ነው።

መጀመሪያ የልጆቹን ልንገርህ። ትንሹ የፊት ጥርሱ ወልቋል። «ለአያቴ ፎቶውን ላኪለት» ብሎ ያዘኝ። ፎቶ እንደማይታይህ ልነግረው አልቻልኩም፤ ላኩልህ። ትልቋ ደግሞ በቁመት በልጣኛለች። አማርኛዋ እየጠፋ ነው ብዬ ስጨነቅ የደረሰልኝ ወጋየሁ ንጋቱ ነው። በሬዲዮ የተረከውን «ፍቅር እስከ መቃብር» አገኘሁላትና ማታ ማታ ቁጭ ብለን እንሰማለን። የሐዲስ ዓለማየሁ አማርኛ አንዳንድ ቦታ ይከብዳታል። የወጋየሁ ድምፅ ግን ይዟታል። ጉዱ ካሣ ሲናገር ትስቃለች። ፊታውራሪ መሸሻ ሲቆጡ እሷም አብራ ትቆጣለች።

የጨረስን ቀን ዝም ብላ ቆየችና «በዛብህን ማን ገደለው?» አለችኝ።

«ሽፍቶች ናቸዋ፤ ሰምተሽ የለ?» አልኳት።

«እሱን አይደለም። ከዚያ በፊት» አለች።

አባዬ፣ እኔ ይህን ጥያቄ በሆዴ ይዤው ነው የኖርኩት። አንተ ሁልጊዜ መልስህ አንድ ነበር። «ዕድላቸው ነው» ትል ነበር። ያቺን ቴፕ ዘግተህ፣ ፊትህን አዙረህ ዓይንህን ስትጠርግ አይቻለሁ። ያኔ ትክክል መስለኸኝ ነበር። አሁን ከልጄ ጋር እንደገና ስሰማው ግን ዕድል የሚባለውን ነገር ፈልጌ አጣሁት።

ቦጋለ መብራቱና ውድነሽ በጣሙ ክፉዎች አይደሉም። ደጎች ናቸው። ልጃቸው እንዳይሞትባቸው ፈሩ፤ ፈርተው ተሳሉ። በዛብህ ካደገላቸው ቤተ ክርስቲያን እያገለገለ፣ ሚስት ሳያገባ እንዲኖር ሰጡት። እሱን የጠየቀው የለም፤ ሕፃን ነበራ። ካደገ በኋላም ያ ስለት አለቀቀውም። ሰብለን ሲወድ እንኳ በእናት በአባቱ ቃል ላይ የሸፈተ እየመሰለው ነው የሚሠቃየው። ፊታውራሪ መሸሻ ደግሞ ለልጃቸው የሚመጥን ዘር አጣሁ እያሉ የመጣውን ጠያቂ ሁሉ መለሱ። የእኩዮቿ ጊዜ አለፈ፤ ሰብለ ቀረች። ሁለቱ ሲገናኙ አንዱ በወላጆቹ ፍርሃት፣ አንዷ በአባቷ ኩራት ታስረው ነበር። ሽፍቶቹ የመጡት ሁሉም ነገር ካለቀ በኋላ ነው።

ደራሲው ይህን ሳያስቡት የጻፉት አይመስለኝም። ጎጃም ተወልደው በቤተ ክህነት ትምህርት ያደጉ ሰው ናቸው። የሚጽፉትን ኑሮ ከውስጥ ያውቁታል። መጽሐፉ በ1958 ዓ.ም. ሲታተም ያ ሥርዓት ገና አልወደቀም ነበር። ለዚህ ይመስለኛል ጉዱ ካሣን ያመጡት። ሰው ሁሉ «እግዜር ያመጣው ነው» የሚለውን፣ እሱ «የለም፣ እናንተ ያመጣችሁት ነው» እንዲል። እብድ ተብሎም ቢሆን እንዲናገረው።

የሩቆቹንም አስበህ ታውቃለህ? በጥንት ግሪኮች ታሪክ የኤዲፐስ አባት «ልጅህ ይገድልሃል» የሚለውን ትንቢት ፈርቶ ጨቅላ ልጁን አስጣለው። ልጁ አድጎ መንገድ ላይ ሲያገኘው አባቱ መሆኑን ሳያውቅ ገደለው። ቤቱ ቢያሳድገው ኖሮ ቢያንስ ያውቀው ነበር። ከበደ ሚካኤል ወደ አማርኛ በመለሱት «ሮሜዎና ዡልየት» ደግሞ ዡልየት በእውነት እንዳልሞተች ለሮሜዎ የሚነግረው ደብዳቤ ሳይደርስ ይቀራል። መልእክተኛው ወረርሽኝ አለበት በተባለ ቤት ተዘግቶበት ነው። እሱን ዕድል ነው ብትለኝ እቀበላለሁ። የሁለቱ ቤተሰብ ጠብ ግን ከሰማይ አልወረደም።

አሁን የምፈራው ቦታ ደረስኩ። ወንድሜ፣ እዚህ ጋ እንዳታቋርጥ። እስከ መጨረሻው አንብብለት።

አባዬ፣ ሽማግሌዎቹ የመጡበትን ቀን ታስታውሳለህ? እኔ ጓዳ ነበርኩ። እማዬ እጄን ይዛ ነበር። እነሱ ሲወጡ በመስኮት አየኋቸው። ባርኔጣቸውን እንኳ በወጉ ሳያደርጉ ነበር የወጡት። ከዚያ አንተ ገባህና «ዕድልሽ አይደለም» አልከኝ። ሌላ ቃል አልጨመርክም። እስከዛሬም አልጨመርክም።

እነሱን የመለሳቸው ዕድል አይደለም። አንተ ነህ። «የማን ልጅ ነው?» ብለህ ጠየቅክ፤ መልሱን አልወደድከውም። ለሰብለ ያለቀስከው አንተ! ከዚያ ቀን በኋላ ያንን ትረካ ቤታችን ውስጥ ስሰማ ተነስቼ እወጣ ነበር። ራሷን አሟት ነው ትሉ ነበር። የፊታውራሪ መሸሻን ድምፅ መስማት ስላልቻልኩ ነው።

ሌላ ነገር እንዳይመስልህ። ባለቤቴን እወደዋለሁ። አንተም ከልጆችህ እኩል እንደምታየው አውቃለሁ። ልጆቼን በምንም አልለውጣቸውም። ያ ልጅም የራሱን ኑሮ ይኖራል፤ ይቅናው። ቁጭቴ እሱን በማጣቴ አይደለም። «እኔ አልፈለግኩም» ብለህ ፊት ለፊት አለመናገርህ ነው የሚያንገበግበኝ። ብትለኝ ኖሮ እንጣላ ነበር። ከዚያ እንታረቅ ነበር። ከዕድል ጋር ግን እንዴት አድርጌ ልጣላ? ማንን ይቅር ልበል?

ይህን ሁሉ ዛሬ ያነሳሁት ያንኑ ቃል ሰሞኑን በስልክ ስለሰማሁት ነው። የዓይንህን ቀጠሮ አሁንም አሳለፍከው። ለምን ስልህ «ዕድሌ ነው፤ ያየሁት ይበቃኛል» አልከኝ።

አባዬ፣ ያንተ የዓይን ሞራ ነው። በአገራችን ለዓይነ ስውርነት ቀዳሚው ምክንያት እሱ ነው። ግን ደግሞ ይድናል። ሐኪሞቹ የደፈረሰውን የዓይን ሌንስ አውጥተው ሰው ሠራሽ ሌንስ ይተኩበታል። ብዙውን ጊዜ ሰውየውን አያስተኙትም፤ ዓይኑን ብቻ ነው የሚያደነዝዙት። አብዛኛው ሰው በዚያው ቀን ቤቱ ይገባል። ሞራው መምጣቱ የዕድሜ ነገር ነው፤ እሺ፣ እሱን ዕድል በለው። ሐኪም እያለ ቁጭ ብሎ እስኪጨልም መጠበቅ ግን ዕድል አይደለም።

«ያየሁት ይበቃኛል» ስትል ደግሞ ስለ ዓይንህ ብቻ የምታወራ አልመሰለኝም። እማዬ ካረፈች ወዲህ ድምፅህ ሌላ ሆኗል። ስደውል ቶሎ ትዘጋለህ። ምግብ በወጉ አይበላም ይለኛል ወንድሜ። ልጠይቅህ እፈልግና እፈራለሁ። «አዎ፣ መሄድ ነው የምፈልገው» ብትለኝ ምን እንደምመልስልህ አላውቅም። ስለዚህ ስለ ልጆቹ ጥርስ አወራሃለሁ።

ልጅቷ ሌላም ነገር ጠይቃኛለች። «መጨረሻ ላይ ሁሉም የሚሞቱ ከሆነ ይህ ሁሉ ታሪክ ምን ትርጉም አለው?» አለችኝ። እንደ ቀልድ የማልመልሰው ጥያቄ ነው። አሰብኩበት። ለእኔ ትርጉሙ ያለው የሰብለ መንገድ ላይ ነው። ያን ሁሉ ክብር ጥላ፣ መነኩሴ መስላ፣ በእግሯ የወጣችበት መንገድ። ሕይወቷን ሙሉ ሌላ ሰው ሲወስንላት ኖራ፣ ይህን ብቻ ራሷ ወሰነች። የደረሰችው እሱ ሊሞት ሲል ነው። ቢሆንም ደረሰች። ፍቅራቸው ሞትን አላሸነፈም፤ ግን ማንም ዕድል ነው ብሎ ሊያቃልለው አይችልም። እሷ ናት ያደረገችው። ይህንን ነገርኳት። ገብቷታል መሰለኝ፤ አቀፈችኝ።

አንተም እንዲህ ያለ ነገር አድርገሃል። እማዬ ተኝታ በነበረችበት ጊዜ፣ ያንተም ዓይን እየደከመ፣ መጽሐፉን አምፖሉ ሥር አስጠግተህ ማታ ማታ ታነብላት እንደነበር ወንድሜ ነግሮኛል። ፊደሉ ሲጠፋብህ በቃልህ ትቀጥል ነበር አሉ። እኔ ሩቅ ነበርኩ። አመሰግንሃለሁ። ያንን ያደረግከው ወደኽ ነው፤ ማንም አላስገደደህም። ዓይንህን መታከምም እንደዚያው በእጅህ ያለ ነገር ነው። የልጅ ልጅህ አያቴ እንዲያነብልኝ እፈልጋለሁ ትላለች። ወጋየሁን ሰምታ ጨርሳለች።

አሁን ወደ ቀጠሮው። ማክሰኞ ጠዋት ወንድሜ መኪና ይዞ ይመጣል። ቀድመህ ተዘጋጅተህ ጠብቀው እንጂ አታስለምነው። የስኳር መድኃኒትህን የዚያን ዕለት ጠዋት ውሰድ አትውሰድ የሚለውን ዛሬውኑ ሐኪሙን ይጠይቅልህ። የምትወስዳቸውን መድኃኒቶች በሙሉ በፌስታል ይዛችሁ ሂዱ። ከተሠራህ በኋላ ዓይንህን እንዳታሸው። ከባድ ነገር እንዳታነሳ፤ ያንን ጀሪካን ለሌላ ሰው ተውለት። ጠብታውን በሰዓቱ የምታደርግልህ ጎረቤታችን ናት፤ ደውዬ ለምኛታለሁ፣ እሺ ብላኛለች። ገንዘቡን ልኬያለሁ፤ ስለሱ አንድም ቃል እንዳታነሳ።

ላለመሄድ ከወሰንክ ግን በወንድሜ በኩል አትላክብኝ። ራስህ ደውልልኝ። «አልፈልግም» በለኝ። ያኔ እንጣላለን። እስክንታረቅም ስልኩን አልዘጋውም።

ልጅህ