የእናቴን ልብ ላዳመጣችሁ

በሆስፒታሉ የልብ ሕክምና ክፍል ለምትሠሩ ሁሉ፣ ጤና ይስጥልን። የምጽፈው እኔ ብሆንም ላኪዋ እናቴ ናት። እሷ ፊደል አልቆጠረችም።

ሁለት ዓመት ሙሉ በየክሊኒኩ «ጨጓራ ነው» ስንባል ከረምን። እኛ አገር መቼም ከአንገት በታች ያለው ሁሉ ጨጓራ ነው። ዳገት ስትወጣ ትንፋሽ ያጥራታል፤ አንዳንዴ ደረቷ ይርገበገብና ይመለሳል። እኛ ደግሞ ቡናዋን እንከለክላለን። አሁን ሳስበው ያንገበግበኛል።

እናንተ ጋ የመጣን ቀን ሌሊቱን አልተኛችም ነበር። ልብ ይመረመራል ሲባል ደረቷ የሚከፈት መስሏታል። የልብን ምት ወረቀት ላይ የሚጽፈውን ኢሲጂ የሚያነሳው ልጅ ይህን ሲሰማ አልሳቀባትም። «እማማ፣ ቢላም መርፌም የለም፤ ይቺን መለጠፍ ብቻ ነው» ብሎ 10ሩንም ተለጣፊዎች እያሳያት ለጠፈ። ወረቀቱ ወጣ፤ ደህና ነው። «በቃ ይሂዱ» ብትሉን እናምናችሁ ነበር። ሐኪሙ ግን «ይሄ የ10 ሰከንድ ልብ ነው። ሌባው አሁን አልመጣም ማለት ጭራሽ አይመጣም ማለት አይደለም» አሉን።

ከዚያ ልብን በስክሪን የሚያሳየው ኢኮ። «አልትራሳውንድ ነው» ስትባል «በ61 ዓመቴ?» ብላ ክፍሉን በሳቅ ሞላችው። ስክሪኑ ላይ ቀይና ሰማያዊ ሲፈራረቅ ግን ደነገጠች። «ሰማያዊው የተበላሸ ደም ነው?» ምርመራውን የምትሠራው እህታችን እጇን አቁማ አስረዳቻት፤ ወደ መሣሪያው የሚመጣው ደም በቀይ፣ የሚርቀው በሰማያዊ ነው የሚታየው። ወረፋው ውጭ ድረስ ነበር፤ እሷ ግን አልቸኮለችም።

ሚትራል የሚባለው ቫልቭ፣ ማለትም በልብ ውስጥ ደም የሚያልፍበት በር፣ ጠቦ ተገኘ። ሐኪሙ በልጅነቷ ጉሮሮዋን ያማት እንደሆነ ሲጠይቋት «እንጥሌንማ ተቆርጫለሁ» አለች፣ እንደ ተከተበች ሰው ተማምና። ለካ እንጥል መቁረጥ ለዚያ ሕመም አይረዳም። በፔኒሲሊን ያልታከመ የቶንሲል ሕመም በአንዳንዱ ሰው ላይ ከስንት ዓመት በኋላ በልብ ይመጣል።

በመጨረሻ የልብን ምት ሳያቋርጥ የሚመዘግበውን ትንሽ መሣሪያ፣ ሆልተሯን፣ አስራችሁላት ለ24 ሰዓት ወደ ቤት ላካችሁን። የተሰማትን ሁሉ ከነሰዓቱ ጻፉ ስላላችሁ ጸሐፊው አምስተኛ ክፍል የሚማረው የእህቴ ልጅ ሆነ። ከነጠላዋ ሥር መሣሪያዋን እንደያዘች ቤተ ክርስቲያን ሳመች፣ እንጀራ ጋገረች። ልጁ ይህንንም ጽፎታል። ከዚያ እንዲህ ይላል፦ «ሌሊት 9 ሰዓት ከ20። አያቴ ተነሳች። ልቤ ፈረስ ሆነ አለች።»

በማግስቱ ሐኪሙ የልጁን ደብተር ከመሣሪያው ንባብ ጋር አስተያዩት። 9 ሰዓት ከ20 ላይ የልቧ ምት ሥርዓቱን ስቶ ይሮጣል። ሌባው ተያዘ። እንዲህ ያለው ምት ደም እንዲረጋ ያደርጋል፤ የረጋው ደም ወደ አንጎል ከሄደ ስትሮክ ነው። ደም እንዳይረጋ የሚረዳውን መድኃኒት፣ ዋርፋሪንን፣ የጀመረችው ለዚያ ነው። አሁን ደሟ ምን ያህል ቶሎ እንደሚረጋ በየጊዜው ትለካለች። ለመድኃኒቱ ሲባል ጎመንም አንድ ቀን ጠግባ ሌላ ቀን እንዳትተው፣ መጠኑን እኩል አድርጋ እንድትበላ ነግራችኋታል። ቡናዋን መልሰንላታል።

ያቺን የኢኮዋን ልጅ ስሟን ሳንጠይቅ ወጣን። እናቴ «ያቺ የማትቸኩለው» እያለች ትመርቃታለች። ቀጠሯችን ታኅሣሥ ላይ ነው። ድፎ ይዛ ትመጣለች፤ በር ላይ ጥበቃዎቹን አደራ በሉልን።