የአይሲቲ ክበብ የዓመቱ ዘገባ፦ ሲፈጥን የሚወድቀው ፕሮግራም

«አይሲቲ ክበብ ዘንድሮ ምን ሠራ?» የሚል ጥያቄ በመምህራን ማረፊያ ክፍል ደጋግሜ ሰምቻለሁ። ድራማ ክበብ መድረክ፣ ስፖርት ክበብ ዋንጫ አለው። የእኛን ሥራ ቀርቦ ያየ ሰው ግን ጥቂት ነው። ስለዚህ ያየሁትን ልጻፍላችሁ።

መስከረም ላይ አባላት መዝግበን ኮሚቴ መረጥን። ዓርብ ዓርብ ተገናኘን። ጀማሪዎቹ ፓይዘን የተባለውን የፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ ተማሩ። በመጀመሪያው መንፈቅ ያሰብነው ውድድር መብራት በመጥፋቱ ቀረ።

ነባሮቹ ለቤተ መጻሕፍታችን የመጽሐፍ መፈለጊያ ፕሮግራም በሲ ቋንቋ ጻፉ። ብዙ ተማሪ በአንድ ጊዜ ሲጠቀምበት እንዳይንቀራፈፍ ሥራውን ለተለያዩ ትሬዶች፣ ማለትም በአንድ ፕሮግራም ውስጥ ጎን ለጎን ለሚሄዱ የሥራ መስመሮች፣ አከፋፈሉት። አንድ ሥራ በአንዱ ትሬድ ጀምሮ መሃል ላይ ይቆምና በሌላው ይቀጥላል። ፕሮግራሙ ያለ ማፍጠኛ ሲዘጋጅ ይሠራል። ጂሲሲ የተባለውን ኮምፓይለር (የጻፉትን ኮድ ወደ ኮምፒውተሩ ቋንቋ የሚተረጉመውን ፕሮግራም) ኦ2 በሚለው ማፍጠኛ ሲያዙት ግን ፕሮግራሙ ይወድቃል፣ ማለትም በድንገት ይቋረጣል፤ ያውም አንዳንዴ ብቻ።

ልጆቹ ኮምፒውተሮቹ አርጅተው ነው አሉ። ማርጀቱንስ አርጅተዋል። አንዲት የ11ኛ ክፍል ተማሪ ግን «ችግሩ የኮምፒውተሩ ከሆነ፣ ያለ ኦ2 ለምን አንዴም አይወድቅም?» አለች። ኮምፓይለሩ በኦ2ና ያለ ኦ2 የሚያወጣቸውን ሁለት የአሴምብሊ ኮዶች (ለኮምፒውተሩ የሚሰጡ ዝርዝር ትእዛዞች) አወጣች። ለፕሪንተሩ ቀለም ስላልተገዛ የምትፈልገውን ክፍል ደብተሯ ላይ በእጇ ገለበጠች፤ ከዚያ ጎን ለጎን አድርጋ መስመር በመስመር አነጻጸረች።

አገኘችውም። እያንዳንዱ ትሬድ ለብቻው የሚይዘው ቫሪያብል (መረጃ የሚቀመጥበት ቦታ) አለ፤ ትሬድ ሎካል ይባላል። ኮምፓይለሩ አንድ ፈንክሽን (አንድ ሥራ የሚሠራ የኮድ ክፍል) በጀመረበት ትሬድ ላይ እንደሚጨርስ ያምናል። ስለዚህ ለማፍጠን ሲል የቫሪያብሉን አድራሻ አንዴ ያሰላና መልሶ ይጠቀምበታል። የእኛ ሥራ ግን መሃል ላይ ትሬድ ቀይሯል። ክፍል የቀየረ ተማሪ ደብተሩን በድሮው ዴስክ ውስጥ እንደሚፈልገው ነው፤ ወይ ባዶ ያገኛል፣ ወይ የሌላ ልጅ ደብተር ያነሳል። ባዶውን ሲያገኝ ፕሮግራሙ ይወድቃል። የሌላውን ሲያነሳ ደግሞ ዝም ብሎ የተሳሳተ መልስ ይሰጣል፤ ይኼኛው ይብሳል።

መፍትሔዋ አጭር ነበር። ቫሪያብሉን የሚያነበውን ኮድ በሌላ ፋይል ውስጥ ለብቻው ፈንክሽን አደረገችው። ኮምፓይለሩ ውስጡን ስለማያየው አድራሻው በየጊዜው እንደ አዲስ ይሰላል። ፕሮግራሙ ከዚያ ወዲህ አልወደቀም።

በኋላ ስናነብ፣ በዓለም ዙሪያ የሚሠራበት ኪውኢምዩ የተባለ፣ በኮምፒውተር ውስጥ ሌላ ኮምፒውተር አስመስሎ የሚያሠራ ሶፍትዌር ይኸው ችግር ገጥሞት እንደነበር አወቅን። ባለሙያዎቹ እ.ኤ.አ. በ2022 ያረሙት እነሱም ንባቡን በተለየ ፈንክሽን አድርገው ነው። የማይክሮሶፍት ኮምፓይለርም ለዚሁ ችግር የተለየ ማዘዣ አለው። ይህንን ስነግራት ለረጅም ጊዜ ዝም አለችና «እነሱም ተቸግረውበታል ማለት ነው?» አለችኝ። ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር። የኔም እንደዚያው።

እንግዲህ ክበቡ የሠራው ይህንን ነው። ለወላጅ፣ መምህርና ተማሪ ኅብረት የማቀርበው ጥያቄ ትንሽ ነው። መብራት ሲጠፋ ሥራችንን እንድናድን ጥቂት ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ለጥቂት ጊዜ ኃይል የሚሰጥ ባትሪ)፣ ለፕሪንተሩ ቀለም፣ ቅዳሜ ደግሞ የኮምፒውተር ክፍሉ ቁልፍ። ለሌሎች ክበቦች በጀት ሲመደብ እኛ «ኮምፒውተር አላችሁ» ተብለን መታለፋችን ልክ አይደለም። ልጅቷ በሚቀጥለው ዓመት 12ኛ ክፍል ናት። ጀማሪዎቹን ለማስተማር ፈቃደኛ መሆኗን ነግራኛለች፤ የምታስተምርበት ክፍል ይከፈትላት።