ስለ ቅዳሜው ኦዲሽን

ውድ አባላት፣ ጤና ይስጥልኝ።

ቅዳሜ ከቀኑ 8 ሰዓት ያለ ጽሑፍ ለምንሠራው ቴአትር አዲስ ተዋንያን እንመርጣለን። እናንተ 7 ሰዓት ተኩል ላይ ድረሱ፤ እንግዶቹን በር ላይ የሚቀበል፣ ውሃ የሚሰጥ ሰው ይኑር።

አንድ አደራ አለኝ፦ ማንንም ብቻውን መድረክ ላይ አቁመን «እስቲ አስቀን» አንበል። ያለ ጽሑፍ የሚሠራ ቴአትር ከአጋር ጋር የሚፈጠር ነው፤ ብቻውን የቆመ ሰው የሚያሳየን ድንጋጤውን ነው። ስምንት ስምንት ሆነው ይግቡ። መጀመሪያ 15 ደቂቃ ሁላችንም፣ መራጮቹም ጭምር፣ ክብ ሠርተን እንጫወት። አሜሪካዊቷ የቴአትር መምህርት ቪዮላ ስፖሊን በቺካጎ የቴአትር ጨዋታዎቿን ያዳበረችው ከሕፃናት ጋር እየሠራች ነበር፤ ሰው ጨዋታ ሲይዘው መታየቱን ይረሳል። ከዚያ ጥንድ ጥንድ ሆነው ሦስት ሦስት ደቂቃ ይሥሩ፤ እያንዳንዱ ቢያንስ ሁለት የተለያዩ አጋሮች ይድረሱት።

ስትመዝኑ ሳቅ አትቁጠሩ። አጋሩ «እናቴ ታማለች» ሲለው «እናትህማ ድሮ ሞታለች» ብሎ ከሚያስቀው ይልቅ «ጋቢዋን ያዝ፣ እኔ መኪና ልጥራ» የሚለውን እመርጣለሁ። የተሰጠውን ተቀብሎ ጨመረበት።

ባለፈው ኦዲሽን ላላለፉት ሳንደውል ቀረን፤ እስካሁን ይቆጨኛል። አሁን ግን ላለፈም ላላለፈም እስከ ማክሰኞ ማታ እንደውላለን። መደወል የምትችሉ ንገሩኝ።