ዲፌንሱ አልፏል፣ አሁን ተራው የናንተ ነው

አልሃምዱሊላህ የቴሲሴ (የመመረቂያ ጥናቴ) ዲፌንስ አልፏል! ደውላችሁ፣ ሜሴጅ ልካችሁ፣ ቤት ድረስ መጥታችሁ እንኳን ደስ አለሽ ላላችሁኝ ሁሉ ለእያንዳንዳችሁ መመለስ ስላልቻልኩ እዚሁ ልፃፍላችሁ።

ምንድነው የምትሰሪው ስትሉኝ በርጩማ እያልኩ ግራ ያጋባኋችሁ አላችሁ፣ አሁን በደንብ ልንገራችሁ። የጅማ በርጩማ ከአንድ ግንድ ተፈልፍሎ ነው የሚወጣው፣ ውበቱም እሱ ነው፣ ግን አንድ እግሩ ከተሰበረ ሙሉው ምድጃ ይገባል፣ ዋንዛ ደግሞ እንደ ድሮ እንደ ልብ አይገኝም። እኔ የፈለኩት እግሩ ያለ ሚስማር ያለ ኮላ ተሰክቶ የሚቆም፣ ሲሰበር ተነቅሎ የሚቀየር፣ መቀመጫው ከቡና ገለፈት ተጨምቆ የሚሰራ በርጩማ ነው። ሰርኩላር ዲዛይን የሚሉት ይሄ ነው፣ እቃው ገና ወረቀት ላይ እያለ ሲያረጅ ምን ይሆናል ብሎ ማሰብ። ቺፕውድ (ከእንጨት ፍቅፋቂ ተጨምቆ የሚሰራው ጣውላ) ላይ የሚገባው ኮላ ብዙውን ጊዜ ፎርማልዲሃይድ የሚባል ጎጂ ኬሚካል ስላለበት ቤት ውስጥ ጋዙን ይለቃል፣ ለዛ ነው ገለፈቱን በስታርች ካልሆነ በሌላ አላጣብቅም ብዬ ያደረቅኳችሁ።

ክረምቱ ግን ፈተነን። የጅማን ዝናብ ታውቁታላችሁ፣ ስታርች እርጥበት ይስባል፣ ሳምፕሉ 24 ሰዓት ውሃ ውስጥ ሲቆይ እንደ ዳቦ ያብጥ ነበር፣ በዛ ላይ የምንጨምቅበት ማሽን ተበላሽቶ ጠጋኝ ጠፋ። ሰም ቀቡት ያሉን ማር የሚሸጡ እናት ናቸው፣ እብጠቱ በጣም ቀነሰ፣ አላህ እድሜ ይስጥልኝ እትዬ!

እዚሁ ጅማ ሄርማታ ያላችሁ አናጢዎች ለናንተ ምን ልበል። ሽማግሌው ጋሼ ስዕሌን አይተው ዝም ብለው ቆዩና «ልጄ እግሩን ወደ ላይ አቅጥኚው፣ በደንብ አድርቂው፣ ሰው በተቀመጠበት ቁጥር ራሱ ይጠብቃል» አሉኝ። እርጥብ እግር ከተሰካ በኋላ ሲደርቅ ስለሚኮማተር ይላላል፣ ደረቅና ሾጠጥ ያለው ግን ክብደት ሲያርፍበት እየነከሰ ይሄዳል፣ ፈታኞቹም ከሁሉ በላይ የጠየቁኝ ስለዚህ ነው፣ እኔም የማን ሀሳብ እንደሆነ እዛው ተናግሬያለሁ፣ ቴሲሱ ላይም ስማቸው ሰፍሯል። ዩኒቨርሲቲ ያልገቡ ሰዎች ናቸው ግን ኢንጂነሮች ናቸው፣ ይሄን በሙሉ ልቤ ነው የምለው።

ቡና መፈልፈያው በር ላይ ገለፈት ለምትለቅሙ እህቶቼም እንዲሁ። ከጀንፈል (ከነገለፈቱ የደረቀ) ቡና ክብደት ግማሽ የሚጠጋው ገለፈት ስለሆነ ዝም ብሎ የሚጣል ይመስላል፣ አንዷ ግን «እሱ እኮ ማገዶዬ ነው» ስትለኝ ነገሩ ሁሉ ተቀየረ፣ ከዛ በኋላ የወሰድነው ዝናብ መቶት ለእሳት የማይሆነውን ብቻ ነው፣ እሱንም ጠጠሩን የለቀማችሁልኝ እናንተ ናችሁ። ቆሻሻ የሚባለው ነገር ባለቤት እንዳለው የትኛውም ወረቀት ላይ አላነበብኩትም።

አድቫይዘሬ፣ ማታ ማታ በር የምትከፍቱልኝ የኪቶ ካምፓስ ላብ ልጆች፣ ዶርም ውስጥ የገለፈት ሽታ የቻላችሁ ጓደኞቼ፣ እማዬ በዱዓ፣ አባዬ በትራንስፖርት፣ አላህ ይስጥልኝ።

ስዕሉን የምትፈልጉ አናጢዎች ካላችሁ ፃፉልኝ፣ በነፃ ነው፣ እየቀያየራችሁ ስሩት። ህዳር ላይ ቡናው ሲደርስ ሌላ ዙር እንጨምቃለን፣ መርዳት የምትፈልጉ ኑ፣ ቡና እኔ አፈላለሁ።