አዳር ያለ እንሶስላ?

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

የጎንደር ልጃገረዶች ጓደኛቸው ቤት ሲያድሩ ሌሊቱ ስልክ ላይ በማፍጠጥ ማለቁ ያሳዝነናል። ሥሩ እጅና ጥፍር የሚያቀላውን ተክል፣ እንሶስላን መልሱልን!

ሥሩን አፈሩ እስኪለቅ አጥቦ መውቀጥ፣ ከዚያ በጥቂት ውሃ ማብሰል ነው። ለአራት ሰው ሁለት እፍኝ የተወቀጠ ሥር ይበቃል። ውሃ ከበዛበት ከጣት ላይ ይፈስና አንሶላውን ያቀላዋል። ጥፍርና መዳፍ ላይ ወፈር አድርጎ ለጥፎ በፌስታል፣ ከላይ በአሮጌ ጨርቅ መጠቅለል። እጅ አንዴ ከታሰረ ምንም አይሠራምና ቡናው፣ ፈንዲሻው፣ ሹሩባው፣ ሽንት ቤት መሄዱም ሳይቀር አስቀድሞ ይለቅ። ጨዋታው ግን የሚደምቀው ያኔ ነው፤ ስልክ የሚነካ የለማ! የቆሰለ ወይም የተላጠ እጅ ላይ አይደረግ። ጠዋት የደረቀውን አራግፎ ቅባት መቀባት ነው።

ፍራሾቹን አጋጥሞ አንድ ሰፊ ጋቢ ከላይ ወጥሮ ማንጠፍ፣ ካልሆነ መሃል የተኛችው ክፍተቱ ውስጥ ትገባለች።

እናቶች ሆይ፣ አንድ ነገር አደራ! ከተማችን 2,100 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናትና ሌሊቱ ይበርዳል። ቢሆንም ቡና የፈላበት ከሰል መኝታ ክፍል አይደር። ጭሱ ባይታይም ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ሽታ የሌለው መርዛማ ጋዝ ይወጣዋል፤ በእንቅልፍ ላይ ይገድላል። ምድጃው ከነፍሙ ውጭ ይውጣ፤ ለብርዱ ብርድ ልብስ ይጨመር።

አንባቢዎቻችሁ፣ ከጎንደር